በፋብሪካው ሒሳብ ውስጥ ገበሬው የከፈለውም ይጻፍ

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ፕላንና ልማት ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በኢንዱስትሪ ልማት ዕቅዶች ምክንያት በገበሬው ላይ የሚደርሰው ወጪ በዕቅዱ ሰነድ ውስጥ ተቆጥሮ ለሕዝብ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኔ በምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የተዘረጋው የአሥር ዓመት መሪ የልማት ዕቅድ ከአጋማሹ ባለፈበት፣ አካባቢያችንም ሰላም አጥቶ በሰነበተበት ጊዜ ነው። ሰላም ሲመለስ፣ እግዚአብሔር ያቅርበውና፣ የመልሶ ግንባታና የኢንዱስትሪ ዕቅድ ተከትሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የባከነ ጊዜ ለማካካስ የሚወጣ ዕቅድ ሁልጊዜ ችኩል ነው። ስለዚህ ዕቅዱ በመኪና ተጭኖ ወደ ወረዳችን ከመድረሱ በፊት፣ ገና በጠረጴዛችሁ ላይ ሳለ፣ የምለውን እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ፋብሪካ አይሠራ የሚል ሐሳብ የለኝም። በጎጃም የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሆኑን፣ አባት ለልጁ የሚያካፍለው ጥማድ ማለቁን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ በአባቱ ደጅ የተቀመጠውን ወጣት ብዛት ከማንም ባላነሰ አውቀዋለሁ። በቆሎአችንና በርበሬአችን በጥሬው ተጭኖ ከሚሄድ እዚሁ ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ፣ ታሽጎ ቢወጣ ደስታዬ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የዕቅድ ሰነዶቻችን የፋብሪካውን ሼድ፣ የመንገዱን ኪሎ ሜትር፣ የሚገኘውን ዶላርና የሚፈጠረውን የሥራ ዕድል ይቆጥራሉ፤ ያን ፋብሪካ ለማቆም ገበሬው በመሬቱ፣ በእህሉ፣ በጤናውና በጥሪቱ የከፈለውን ግን የሚጽፍ ሠንጠረዥ የላቸውም። ያልተጻፈ ወጪ ደግሞ እንዳልወጣ ስለሚቆጠር ዕቅዱ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ርካሽ የመሰለውም ይቸኮልበታል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ የበለስን ሸለቆ ማየት ይበቃል። መተከል የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በተካሄደው ሠፈራ ከወሎም፣ ከደቡብም፣ ከሌላም ቦታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚሁ ሸለቆ ወዳለችው ፓዌ ተወሰዱ። በመላ ሀገሪቱ በዚያ ዘመቻ የተጓጓዘው ሕዝብ 600,000 ገደማ ነበር። ብዙው ከደጋ የመጣ፣ ወባን የማያውቅ ሰው ነበርና የሞተው ሞተ፤ በሸለቆው የኖረው የጉሙዝ ሕዝብም አንድ ቀን ሳይጠየቅ ከማሳውና ከማደኛው ተገፋ። በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በሳሊኒ ኩባንያ ሠራተኝነት መንገዱ፣ ሆስፒታሉ፣ የእርሻ መሣሪያው በፍጥነት ገባ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ ሠፋሪውና ነባሩ ሕዝብ ደም እየተቃባ ቀረ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ሸለቆ እንደገና በዕቅድ ተያዘ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተተገበረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሀገሪቱን የስኳር ምርት በአምስት ዓመት ውስጥ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ አለመ። ጣና በለስ ከታላላቆቹ ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ፤ የፋብሪካዎቹም ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። በአዊና በመተከል ሰው ከይዞታው ተነሥቶ አገዳው ተተከለ። አገዳው ደረሰ፤ ፋብሪካው አልደረሰም። ዕድሜው ያለፈ አገዳ በማሳው ላይ ሲባክን ዕቅዱ አለቀ፣ ሀገሪቱም ስኳር ከውጭ መግዛቷን ቀጠለች። የተበደርነው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ቢያንስ ተጠይቋል፤ ለፍርድ ቤትም የቀረበ ነገር አለ። በእነዚያ የአገዳ ዓመታት ያልታረሰው ማሽላ፣ ሰሊጥና በቆሎ፣ የተነሣው ቤተሰብ በየት እንደደረሰ ግን በየትኛው ሰነድ ተጻፈ?

ወጪውን ለገበሬው ማሸከም በስኳሩ የተጀመረ አይደለም። እኔ በልጅነቴ በደርግ ዘመን ያየሁት የእህል ኮታ የዚህ አንድ መልክ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየቀበሌው ገበሬ ማኅበር በኩል ኮታ ይጥላል፤ ዋጋው ከገበያው በታች ተቆርጦ የወጣ ነው፤ እህል ከአውራጃ አውራጃ እንዳያልፍ በየመንገዱ ኬላ ተዘርግቷል። ጎጃም ትርፍ አምራች የተባለ ክፍለ ሀገር ስለነበር ኮታው ይከብድበታል። አባቴ አዝመራው በበረዶ በተመታበት ዓመት ሁለት በጎችና የእናቴን የብር መስቀል ሸጦ ከገበያ ጤፍ በውድ ገዛ፤ ያንኑ ጤፍ በአህያ ጭኖ ለድርጅቱ በርካሽ አስረከበ። በመጋዘኑ ደጅ የተሰለፉት ሁሉ እንዲሁ ያደረጉ ነበሩ። ከተማውን በርካሽ እህል መቀለብ፣ ሠራተኛውን በዝቅተኛ ደመወዝ ማቆየትና ኢንዱስትሪውን ማሳደግ የሚለው ዕቅድ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። በገበሬው ቤት ያስከተለው ግን ለኮታ ከሚበቃው በላይ የማረስ ፍላጎት መጥፋቱን ነው። የመንግሥት እርሻዎች፣ በእኛ በኩል የብርና የአየሁ እርሻዎችን ጨምሮ፣ በግብርና በጀት፣ በትራክተርና በማዳበሪያ ቀዳሚ ሆነው ሳለ፣ ከሀገሪቱ ምርት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያመርተው ያው በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ገበሬው ምርጫ ሲሰጠው፣ በጋራ የሚታረስባቸው የአምራቾች ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። የጋራውን በሬና ማሳ ተካፍሎ ወደ ግል እርሻው የተመለሰው ሰው መልሱን በእጁ ሰጥቷል።

ከዚያም በፊት በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ተነሥቶ ነበር። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በኩል የተነሣው ሰው ግብር ጠላ ብቻ ማለት አይበቃም፤ መሬቱ በገመድ ሲለካ ርስቱ ከእጁ የሚወጣ መስሎት ነው። መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ደበደበው፤ በኋላ ግን አገረ ገዢውን ቀይሮ ውዝፉን ምሮ ተመለሰ። መጀመሪያ ጠይቆና አስረድቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ። ይህን የማነሣው በዕቅድ መሥሪያ ቤት የሚቀመጥ ሰው ይህን አገር ሲያቅድ ያን ዓመት በልቡ እንዲይዘው ስለምፈልግ ነው።

የገበሬውን ትርፍ ወስዶ ፋብሪካ ማቆም የሚለው ሐሳብ ትልቁ ፈተና የተፈተነበት በሶቭየት ኅብረት ነው። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1928 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ስታሊን በዚያው ዓመት ሐምሌ ገበሬው ከተለመደው ግብር በላይ ለኢንዱስትሪው ተጨማሪ እንደሚከፍል ለማዕከላዊ ኮሚቴው በግልጽ ተናግሯል። ማግኒቶጎርስክን የመሰለ የብረት ከተማ ከባዶ ሜዳ ላይ ተነሣ፤ ይህ እውነት ነው፣ ልክደውም አልፈልግም። ለማሽኖቹ መግዣ የሚሆነው ገንዘብ ግን እህል እየተሸጠ ይመጣ ስለነበር በ1931 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን ቶን እህል ወደ ውጭ ተላከ። በተከታዩ ዓመት ረሃብ ገባ፤ በ1932 እና በ1933 እ.ኤ.አ. በዩክሬን፣ በካዛክስታንና በሩሲያ የእህል አገሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። በካዛክስታን ብቻ የሞተው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዩክሬን የሚሸሸው የተራበ ገበሬ ወደ ከተማ እንዳይገባ ባቡር ጣቢያ ላይ እየተያዘ ይመለስ ነበር።

ከሞቱ ቁጥር ቀጥሎ እኔን እንደ ግብርና ባለሙያ ያስደነገጠኝ የእንስሳቱ ቁጥር ነው። ማሳና ከብት በግድ የጋራ ሲሆን ገበሬው ከመስጠት ማረድን መረጠ፤ የተረከባቸውም ማኅበር መኖ አጥቶ ገደላቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ፈረሱና የቀንድ ከብቱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በዚያ አገር የሚያርሰው ፈረስ ነው፤ ስለዚህ በአዳዲሶቹ ፋብሪካዎች የተሠራው ትራክተር ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው የሞተውን ፈረስ መተካት ነበር። ከገበሬው በአንድ እጅ የተነጠቀው ሀብት በሌላ እጅ በብረት መልክ ወደ እርሻው መመለስ ግድ ሆነ። እንግዲህ ሰብአዊ ዋጋውን ወደ ጎን ትተን፣ መተው ባይገባንም፣ በሒሳብ ብቻ ብንመረምረው እንኳ ገበሬውን ማራቆት ለኢንዱስትሪ ያስገኘው ትርፍ የታሰበውን ያህል አልነበረም። የጎጃም ባለሙያ ሁሉ ይህን ይረዳዋል፤ በሬው የታረደበትን ቤት ለማቋቋም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በዓይኑ አይቷልና።

ቻይና ደግሞ ሌላውን ችግር አሳየች፤ ይኸውም የሪፖርት ነገር ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የብረት ምርቷን በአንድ ዓመት በእጥፍ አሳድጋ 10.7 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ ወሰነች። በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ከማሳው ተነሥቶ በየጓሮው በተሠራ ምድጃ ድስቱንና ማረሻውን ሳይቀር እያቀለጠ ለምንም የማይሆን ብረት ሠራ፤ የደረሰው ሰብልም የሚሰበስበው አጥቶ በማሳው ቀረ። ይህ ሲሆን የየአውራጃው ሹም ምርቱ ብዙ እጥፍ እንዳደገ እየጻፈ ይልክ ነበር፤ መንግሥትም የእህል ድርሻውን የሚወስደው ከዚያ ከሐሰቱ ቁጥር ላይ ስለሆነ ለገበሬው የሚቀረው ባዶ ጎተራ ሆነ። በሐምሌ 1959 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ዴኋይ ይህ አካሄድ አደገኛ መሆኑን ለማኦ በደብዳቤ ቢገልጽ ከሥልጣኑ ተነሣ፤ ከእርሱም በኋላ እውነቱን የሚጽፍ ጠፋ። ረሃቡ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ቀጠለ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሟቹን ቁጥር በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጥሩታል፤ 30 ሚሊዮን የሚለው ግምት በብዛት ይጠቀሳል።

እኛ ዘንድ የደረሰው ከዚህ ጋር በመጠን አይወዳደርም፤ የሪፖርቱ አሠራር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል የሚያስተላልፈው ቁጥር በየደረጃው እንዴት ከፍ እያለ እንደሚሄድ በሥራው ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በግምገማ ላይ «ዕቅዱ ለዚህ ቀበሌ አይሆንም» ያለ ባለሙያ የአመለካከት ችግር አለበት ተብሎ ይያዛል፤ «መቶ በመቶ ተሳክቷል» ያለው ይሾማል። የበለስ አገዳ ባክኖ ሲቀር ቀድሞ ያየው በዚያ የሚሠራው ተራ ሠራተኛ ነበር። የእርሱ ቃል አዲስ አበባ እስኪደርስ ዓመታት መፍጀቱ ከፋብሪካው መዘግየት የማይተናነስ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለእርሻ መሬት የሚከፈለውን የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ አደረገው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ወሰነ። ይህ መሻሻል ነው፤ የደከሙበትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ሕጉ ግን በቅጽ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

በአንዲት ከተማ ዳር ለፋብሪካ መሬት ሲለቀቅ በገማች ኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። ሜትሩ በጤፍ ገለባው ላይ ተዘረጋ፤ ባሕር ዛፉ በግንድ በግንድ ተቆጠረ፤ ጌሾው፣ አጥሩ፣ የጎተራው ጭቃ ሳይቀር ተገመተ። ባለ ይዞታዋ ባልዋ የሞተባቸው እናት ነበሩ። አንድ በሬ አላቸው፤ ልጃቸው ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ጎረቤቱም በዚሁ ይነሣል፤ ምትክ መሬት የተባለለት ግን በሌላ ቀበሌ ነው። እናትየዋ ቆጠራውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ሁሉን ቆጠራችሁ፤ የበሬዬን መቀናጆስ ስንት አላችሁት?» ብለው ጠየቁ። ከእኛ መካከል መልስ ያገኘ አልነበረም፤ ቅጹም ያን የሚሞላበት መስመር አልነበረውም። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና የተገመተው መሬት እንጂ የእርሻው ሥራ አልነበረም። የወል ግጦሹም፣ ከወንዙ የሚቀዳው ውኃም፣ ደቦውና ወንፈሉም፣ ሠርግና ሐዘን የሚቻልበት ዕድርም እንዲሁ አልተቆጠሩም።

ገንዘቡ ተከፈለ። የእሳቸውን ነገር ብቻ እንደ ማስረጃ አላቀርብም፤ በየከተማው ዳር የሚታየው አንድ ዓይነት ነው። ገንዘብ በብዛት አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ በባንክ ያስቀምጠዋል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የቁጠባ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ገደማ ነበር። በዚህ ሒሳብ ከሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ የእህል ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር በደብተሩ ላይ ያለው ብር ሩብ ያህል እንኳ አይጨምርም ማለት ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት የታሰበው ካሳ ስድስት ሰባት ዓመት ላያበላ ነው። ልጅ ባጃጅ ይገዛበታል፤ ነዳጅና መለዋወጫ ያከስረዋል። አባት በገዛ ማሳው ላይ በቆመው አጥር ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። እህትየው ፋብሪካ ትገባለች፤ በግል ድርጅት የሚከፈለውን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ሕግ እስካሁን በሥራ ላይ ስላልዋለ የቤት ኪራይና ምግብ ከሸፈነች ዕድለኛ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156፣ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ከ2011 ጀምሮ ተናግሯል። የተነሣው ሰው በሊዝ ጨረታ ላይ ያ መሬት የሚያወጣውን ዋጋ ሲሰማ የሚያድርበትን ቅሬታ ደግሞ ማንም መገመት ይችላል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ታይዋን ታሳያለች። በ1953 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ ከባለ መሬቶች መሬት ገዝቶ ለአራሹ ሲያከፋፍል፣ ከዋጋው 70 በመቶውን የከፈለው በሩዝና በስኳር ድንች በሚተመን የአሥር ዓመት ቦንድ፣ 30 በመቶውን ደግሞ በአራት የመንግሥት ኩባንያዎች አክሲዮን ነበር። እዚያ ካሳ ተቀባዩ ባለ መሬቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አራሹ ራሱ ነውና ሁኔታው ይለያያል። ክፍያው ግን በእህል ዋጋ ሲተመን ንረት አይበላውም፤ አክሲዮን ሲሆን ደግሞ የተነሣው ሰው ከፋብሪካው ትርፍ ይካፈላል። ይህን በቡሬ ለመሞከር ምን ያግዳል? የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከቡልቡላ፣ ከይርጋለምና ከባዕከር ጋር በሙከራነት ከተመረጡት አራቱ አንዱ ነው። ሐሳቡ ለጎጃም የሚስማማ ነው፤ የገበሬውን ምርት የሚገዛ ፋብሪካ ገበሬውን አያጠፋም። መሠረተ ልማት በተዘረጋለት መሬት ላይ ሁሉ ግን ፋብሪካ አልቆመም። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. የክረምቱ መግቢያ ላይ የጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አቤት ለማለት ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ነበር። በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው የያዩ ፋብሪካ ብዙ ቢሊዮን ብር ከፈሰሰበት በኋላ ሳያልቅ ቀርቷል። በችኮላ የተጀመረው ሁሉ ሲቆም የሚጎዳው ያው ዘር በእጁ ይዞ ዝናብ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ማንኛውም የኢንዱስትሪ ፕሮጀክት ለውሳኔ ሲቀርብ፣ ከግንባታው ወጪ ጎን በስንት አባወራና እማወራ ላይ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አብሮ ይቅረብ። ሠንጠረዡ ሄክታርና ብር ብቻ ሳይሆን የጥማድ በሬ፣ የወል ግጦሽ፣ የውኃና የጉልበት ልውውጥ የሚጻፍበት ዓምድ ይኑረው፤ በቀበሌው ስብሰባ ፊትም ይነበብ። አብረው ያርሱ የነበሩ ጎረቤታሞች ምትክ መሬት ሲሰጣቸው በአንድ ቦታ ይስፈሩ፤ ይህ ወጪ የለውም፣ አሳቢ ብቻ ይፈልጋል። ከካሳው ቢያንስ ከፊሉ በየዓመቱ በእህል ዋጋ እየተተመነ የሚከፈል ወይም በፋብሪካው አክሲዮን የሚሰጥ ይሁን። የተነሡት ሰዎች በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት የት እንደደረሱ ከወረዳው ውጪ የሆነ አካል ሄዶ ይይ፤ ያየውንም ያትም። የገበሬውን ምርት በተቆረጠ ዋጋ የሚያስረክብ ኮታ በየትኛውም ስም ተመልሶ አይምጣ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የወረዳ ሹም ፋብሪካው በቀኑ በመመረቁ ብቻ አይመዘን። ዕቅዱ እንዳልሠራ የሚጽፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በደመወዙና በዕድገቱ የማይጎዳበት፣ ሪፖርቱን በቀጥታ ለእናንተ የሚልክበት መንገድ በመመሪያ ይከፈት። ይህ ካልሆነ ሌላው ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሠንጠረዡም እንደ ቀድሞው ቁጥር ከላይ የሚፈለገውን እያየ ይሞላል።

የፕላንና ልማት ሚኒስቴርም ሆነ የክልሉ ቢሮ ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጡትን መልስ በጽሑፍ እንዲያደርጉት፣ መልሱም በቡሬ፣ በወንበርማ፣ በጃቢ ጠህናንና በጃዊ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስለ ቅጹ ዝርዝር ልምዴን ለማካፈል በማንኛውም ጊዜ ዝግጁ ነኝ፤ በየወረዳው በዚህ ሥራ ያለፉ ጡረተኞችም ቢጠሩ ደስ ብሏቸው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ከምዕራብ ጎጃም፣ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለአማራ ክልል ምክር ቤት